በስሟ ምንም ያልነበረባት ባለሙያ

አንዲት የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ በአንድ ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራ ነበር። ስሟ ምንታምር ነው። በዚያ ሆስፒታል ማንኛውም መሣሪያ ከመጋዘን የሚወጣው አንድ ሰው ፈርሞ ሲረከበው ብቻ ነበር። ዕቃው ከተበላሸ ተጠያቂው የፈረመው ነው። ሥራ ለመልቀቅ ወይም ለትምህርት ለመሄድ ደግሞ «ከንብረት ነፃ» የሚል ወረቀት ያስፈልጋል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የሚነገረው ታሪክ አለ። አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ማይክሮስኮፕ ፈርሞ ወሰደ፤ መስተዋቱ ተሰነጠቀ፤ ሰውየው ያን ወረቀት ሳያገኝ አምስት ዓመት ተቀመጠ። ምንታምር ይህን ከሰማች ጀምሮ የርክክብ ቅጽ ስታይ እጇን ወደ ኋላ ትሰበስባለች። ሌሎች የፈረሙበትን ትጠግናለች እንጂ በራሷ ስም አንድም ዕቃ አልተረከበችም።

በስድስተኛው ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲ በባዮሜዲካል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ እንድትማር ተቀበላት። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሰኞ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን ለማስፈረም የንብረት ክፍል ኃላፊው ዘንድ ገባች። አቶ ዘርጋው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ መዝገባቸው ላይ ስርዝ ድልዝ የማይወዱ ሰው ናቸው። መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው እስከ ታች ወረዱና ፈገግ አሉ።

«ስድስት ዓመት ሠርተሽ በስምሽ አንድ ብሎን እንኳ የለም። እንዳንቺ ያለ ብልህ ልጅ አላየሁም።»

ሊፈርሙ እስክሪብቶ አነሱ። በዚህ ጊዜ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ሲስተር ከድጃ በሩን ገፍታ ገባች።

«ማሞቂያችን ተቃጠለ» አለች። «ዛሬ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ አለ። እናቱ ከቀዶ ጥገና አልነቃችም። የጽዳት ሠራተኛዋ በብርድ ልብስ አቅፋዋለች፤ ግን እየቀዘቀዘ ነው። ሙቀቱ ወደ ሠላሳ አምስት ወርዷል። ያንን አዲሱን ይስጡኝ።»

አዲሱ ማሞቂያ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ማንም ስላልፈረመለት ከነካርቶኑ መጋዘን ውስጥ ቆሟል። አቶ ዘርጋው በየሳምንቱ አቧራውን ይጠርጉለታል።

«ገጥሞ የሚያስነሣው ባለሙያ ይፈርም» አሉ፣ ምንታምርን እያዩ።

ምንታምር እንደ ልማዷ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «እኔ የዚህን ዓይነት አልተማርኩም። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ በደንብ አውቄው እከፍተዋለሁ።»

«መቼ ነው የምትመለሺው?» አለች ሲስተር ከድጃ።

«ከሁለት ዓመት በኋላ።»

«ጥሩ። ሄጄ ልጁን ጠብቅ እለዋለሁ።» ይህን ብላ ወጣች።

ምንታምር ዓይኗን ከወረቀቷ ላይ መንቀል አቃታት። የቀራት አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ዝም ብላ ብትቆም ይፈረምላታል። ልጁ ቢሞት እንኳ ማንም እሷን አይወቅስም። ይህን ስታስብ ከቀድሞው የባሰ ፍርሃት ያዛት።

«ጋሼ ዘርጋው፣ የማሞቂያውን ቅጽ ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ አስቢበት እንጂ። አውቶቡስሽ እኮ ነገ ነው።»

«ይስጡኝ። ካሰብኩበት አልፈርምም።»

ፈረመች። እጇ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ፊርማው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ካርቶኑ ሲከፈት የተቦጫጨቀ ወረቀትና የአይጥ ጠረን ወጣ። ሽቦዎቹ ተበልተዋል። አቶ ዘርጋው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«የተከፈተው ከፈረምሽ በኋላ ነው» አሉ በቀስታ። «እኔ ደህናውን ነው ያስረከብኩሽ።»

ምንታምር የተበላውን ሽቦ ይዛ ቁጭ አለች። ስድስት ዓመት የሸሸችው ነገር በስሟ ተመዝግቦ ፊቷ ተቀምጧል። ሲስተር ከድጃ ከኮሪደሩ ወዲያ ሆና «ሠላሳ አራት» ስትል ተሰማ።

ምንታምር ተነሣች። የአዲሱ ማሞቂያ የሚግለው ክፍሉ ደህና ነው። አሮጌውን አስመጥታ ስትከፍተው የተቃጠለው የሚግለው ክፍሉ ነው፤ ሽቦው ደህና ነው። ሽቦውን ከአሮጌው ፈትታ ለአዲሱ መግጠም ጀመረች። ካልተሳካ ሁለት የተበላሹ መሣሪያዎች በስሟ ሊሆኑ ነው። ብሎኑ ከጣቷ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ አሁን ግን የምትፈራው ልጁን እንዳታቃጥለው ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ሽቦ ደጋግማ አየች። ማሞቂያው ሲግል የራሷን ክንድ ከሥሩ ዘርግታ፣ በቴርሞሜትር እየለካች ሩብ ሰዓት ጠበቀች። ከዚያ «አምጪው» አለች።

የልጁ እግር ከወንዝ እንደወጣ ጠጠር ቀዝቅዞ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ሙቀቱ ሠላሳ ስድስት ተኩል ሆነ።

አቶ ዘርጋው ግን ማሞቂያው በስሟ ስለተመዘገበ፣ ዓርብ ማታ ወረቀቷን ሳይፈርሙ መጋዘኑን ቆልፈው ሄደው ነበር። አውቶቡሱም ያለ እሷ ሄደ። ሰኞ ምዝገባው ሲዘጋ ምንታምር ከልጁ አጠገብ ቆማ ነበር።

አቶ ዘርጋው እዚያው መጡባት። ፊታቸው ጠቁሯል። ቅዳሜና እሑድ፣ እንደ ማሞቂያው ፈራሚ አጥተው መጋዘን ውስጥ የቀሩትን ሰባት ካርቶኖች ሲከፍቱ ነበር የዋሉት። ከሰባቱ በአራቱ አይጥ ገብቶባቸዋል።

«እንዳይሰበር ስል እኔው አስበላሁት» አሉ። ከዚያ ወረቀት አውጥተው «ሽቦው የተበላው በእኔ ጥበቃ ሥር ነው» ብለው ጻፉና ፈረሙ። የእሳቸውም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ምንታምር ትምህርቷን የጀመረችው አንድ ዓመት ዘግይታ ነው። እስከዚያ ድረስ የቀሩትን መሣሪያዎች እየፈረመች ትከፍት ነበር። አንዳንዶቹ ሠሩ፤ አንዳንዶቹ አልሠሩም። በፈረመች ቁጥርም ትፈራ ነበር።

ትምህርት ብዙ ነገር ይጨምርልናል። ኃላፊነትን ግን ሰው የሚረከበው ሁሉን አውቆ ሲጨርስ አይደለም፤ ገና እየፈራ ነው። ለስማችን ብቻ ስንፈራ እጃችን ይታሰራል። ለሌላው ሰው ስንፈራ ግን እጃችን እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይሠራል። እናንተስ፣ ዛሬ የምትፈሩት ለማን ነው?