ሸለምጥማጥ የፈተሸው ቤት

ተረት ተረት፤ በረቱ ግን ዛሬ የላም ሳይሆን የዶሮ ነው።

ሰኔ ሲገባ ሸለምጥማጥ የአንዲትን ዶሮ ሁለት እህቶች በላ። የተረፈችው ዶሮ ከተጣለ ቆርቆሮና ከአሮጌ ሽቦ ቤት ሠራች፤ ማንም ሥሩን እንዳይቆፍር ዙሪያውን ድንጋይ ቀበረች።

ሸለምጥማጥ አይቶ ሳቀ። «እሜቴ፣ ይሄ ቤት ነው ወንፊት? እኔ የማልገባበት ቤት ገና አልተሠራም!»

«እስቲ ያሳዩኝ፣ ጌታዬ» አለችው ዶሮ።

በጣሪያው ሥር ገብቶ በበሩ ወጣ፤ ዶሮ ቀዳዳውን ደፈነች። በመስኮቱ ገብቶ በበሩ ወጣ፤ መስኮቱን በሽቦ አጠረች።

«አሁንስ በየት ይገባሉ?»

«በበሩ ነዋ፣ አንቺ ሞኝ!» ብሎ ገባ። ዶሮ ከውጭ ቀረቀረችበት።

ሸለምጥማጥ ቀዳዳ ሲፈልግ ውሎ አንድም አላገኘም። መስከረም ከጠባም ወዲህ ዶሮ የምታድረው ዛፍ ላይ ነው፤ ቤቱ ተይዟል።