ለእጇ ብሎ የረጨው ውሃ

አንድ ለውዝ የሚያመርት ገበሬ ነበረ። ትርንጎ፣ «የኔታ፣ ባሌ እንዳይከፋው ብዬ የደበቅሁት ትንሽ ነገር እንዴት እምነቱን ሁሉ ያሳጣኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና ስሚኝ።

ገበሬው ለውዙን ነቅሎ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ሲነቀንቁት እስኪንኳኳ ደረቀ። ሚስቱ ልትፈለፍል ስትቀመጥ ግን ቅርፊቱ ጠንክሮ ጣቶቿን አቆሰላት። አሳዘነችውና በቅል ውሃ አምጥቶ ክምሩን ረጨላት። ቅርፊቱ ለሰስ አለ፤ ሥራውም ቀለላት። በማግስቱም ረጨላት። የተፈለፈለውን ከጎረቤታቸው በተዋሱት ጆንያ ሞልተው ጓዳ አስገቡት።

ከሳምንታት በኋላ ጆንያውን ቢፈታው ፍሬው ሞቆ፣ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ አገኘው። ግራ ገባው። ጣሪያው ላይ ወጥቶ አየ፤ ቀዳዳ የለውም። ወለሉን ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። «ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ አልዋለም እንዴ?» እያለ ከራሱ ጋር ተከራከረ። ከዚያ ጎረቤቱ ደጅ ሄዶ «እርጥብ ጆንያ ነው የሰጠኸኝ!» ብሎ ጮኸበት። ጎረቤቱም በሩን ዘጋበት።

ገበሬው የሻገተውን ለቅሞ ለዶሮዎቹ በተነላቸው፤ ደህና የሚመስለውን ለልጆቹ አስቀረ። ልጆቹ ሳይቀምሱት ዶሮዎቹ አንድ በአንድ አለቁ። አሁንም ምክንያቱ አልገባውም።

«ውሃ ነክቶት ይሆን?» አለች ሚስቱ።

«ውሃ ከየት መጥቶ?»

«አንተ ስትረጭልኝ።»

«እሱማ ለእጅሽ ብዬ ነው» አላት።

«አውቃለሁ። ለውዙ ግን ለምን እንደረጨኸው አያውቅም።»

ሰውየው ጉድጓድ ቆፈረ። ከዶሮዎቹ የተረፈውን የሻገተ ለውዝም ለልጆቹ ያስቀረውንም አንድ ላይ ቀበረው። ጎረቤቱንም «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ማረኝ» አለው። በሚቀጥለው ምርት ውሃ አላመጣም፤ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ በደረቁ ፈለፈለ፤ የእሱም ጣት ቆሰለ።

አንቺም ትርንጎ፣ ባልሽን የዋሸሽው ጠልተሽው አይደለም፤ ደረቁ እውነት እንዳያቆስለው አዝነሽለት ነው። እሱ ዘንድ የደረሰው ግን ሻጋታው እንጂ ኀዘኔታሽ አይደለም። አሁን ደህናውን ቃልሽን ሳይቀር ቢጠራጠር አትፍረጂበት፤ የትኛው እንደተበከለ በምን ይለየው? ሂጂና አንዱንም ሳታስቀሪ ንገሪው። ያመዋል። ሲያመው ከአጠገቡ አትነሺ።