ስፌቱ ያልያዘው አንጀት

የተጣሉት ሁለቱ ጎረቤታሞች ዛሬ ሽምግልናው ላይ ታርቀው ሊሳሳሙ ተነሥተው ሳለ ለምን እንደከለከልኳቸው ጠየቅኸኝ። ተቀመጥና ስማ።

አንድ ገበሬ ነበረ። በሬውን ሊጠምድ ሲል ቀንዱ ሆዱን ወጋው። ቀዳዳው ትንሽ ነበር፤ ደሙም ቶሎ ቆመ። የመንደሩ ቁስል አካሚ ቆዳውን ሰፋለትና ዳነ ተባለ። በማግስቱ ሆዱ ተነፍቶ እንደ ጣውላ ጠጠረ፤ ትኩሳት አቃጠለው። በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት።

ሐኪሙ ዳሰሰውና ነገሩን አልሸሸገም። ትልቁ አንጀት ተቀዷል፣ ሰገራው ሆድ ውስጥ ፈሷል አለ። ሆዱን ከፍቶ እንደሚያጥብ፣ ነገር ግን የተቀደደውን በዚያ ቆሻሻ መሐል ቢሰፋው ስፌቱ እንደማይይዝ ነገራቸው። ስለዚህ የአንጀቱን ጫፍ በሆዱ ጎን ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ሰውየው ጥቂት ወራት በዚያ በኩል ከረጢት ውስጥ ይጸዳዳል፤ ሲያገግም መልሶ ያያይዝለታል።

ገበሬው በአገሩ የተከበረ ታላቅ ወንድም ነበረው። ወንድምየው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ሰገራው በሆዱ የሚወጣ ሰው ይዞ አደባባይ እንደማይቆም፣ ለዘራቸው ሁሉ ስድብ እንደሚሆን ተናገረ። የገበሬው ሚስት ግን ሐኪሙ እግር ላይ ወደቀች።

«በፈለገው በኩል ይውጣ፤ እኔ አጥበዋለሁ። ብቻ ቤቴ ይመለስልኝ» አለች።

ሐኪሙ ወደ በሽተኛው ዞረ። ገበሬው ሚስቱን አየ፤ ወንድሙን አየ። ከሞት ይልቅ የወንድሙን ዓይን ፈራ።

«ስፉኝ» አለ። «እንደ ሰው ልመለስ።»

ሐኪሙ ለመነው፤ እምቢ አለ። እንዲሁ ቢተወው እንደሚሞት ስላወቀ አጥቦ ሰፋው።

ትኩሳቱ በረደ። ሰውየው ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። ወንድምየው ዘመድ እየጠራ ያሳየው ጀመር፤ ሐኪሞች ሲባሉ ማስፈራራት ይወዳሉ እያለ። ከዚያ ስፌቱ ከውስጥ ለቀቀ። መርዙ በደሙ ተሠራጨ፤ እንደገና ሊከፍቱት ሲያዘጋጁት ሞተ።

ለቅሶው ላይ ወንድምየው ቆሞ፣ ወንድሜ ሳይዋረድ ሞተ ብሎ ተናገረ። ሰዉ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ሚስትየዋ ቀና አለች።

«ተዋርዶ የሚኖረውን ነበር የለመንኳችሁ» አለች።

ልጄ፣ የእነዚህ የሁለቱ ጎረቤታሞች ነገር እንደዚያ ሆድ ነው። አንደኛው በሌላኛው የሐሰት ምስክርነት ታስሮ ወጥቷል። አንተም ታውቃለህ፣ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድም ሰው አፉን ከፍቶ አልተናገረውም። ይህ በውስጣቸው ተቀብሮ እያለ ይሳሳሙ ማለት ቆዳ መስፋት ነው። እኔ ግን የዋሸው በፊታችን ዋሽቻለሁ ይበል፣ የታሰረውም ያየውን መከራ ሁሉ ይዘርግፈው አልኩ። ይሸታል። ቤተ ዘመዱ ያፍራል። ወራት ይፈጅ ይሆናል። አንተ ክፉ ሰው አይደለህም፤ ዛሬ ያየኸኝ ግን በዚያ ታላቅ ወንድም ዓይን ነው።

ሌላ ሽማግሌ አያጡም። ይሳሳማሉ፤ እልል ይባላል። አንተም ለእርቁ ትሄድ ይሆናል። እኔ አልሄድም።