ኮምፒውተሩ የተከሰሰበት ቀን

የራሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ዶክተር ልሳነወርቅ የሚባሉ ዳይሬክተር ነበሩ። እዚያ ቤት የአለቃን ኮድ መሞከር አለቃን እንደ መጠርጠር ይቆጠር ነበር። ሲስተሙ በእንግዶች ፊት ሊመረቅ ሲል ዶክተሩ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ራሳቸው አሻሻሉትና ለባለሙያዎቹ ላኩ። ባለሙያዎቹም "ግሩም ነው" እያሉ ተራ በተራ አጸደቁት። ከርነሉን የሚገነባው ኮምፒውተር ግን ገና ከመጀመሩ ቀጥ አለና ስክሪኑን የኮዱን ስህተቶች በሚዘረዝር ቀይ ጽሑፍ ሞላው።

ዶክተሩ ይህን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ወዲያው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰበሰቡ። ኮምፒውተሩ ተነቅሎ መጣና ከጠረጴዛው ጫፍ ወንበር ተሰጠው፤ ልማድ ሆኖባቸው ውሃም አቀረቡለት። ክሱ ሲነበብለት ዝም አለ። ዝምታውም ንቀት ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ቀጥሎ ምላሷ የማያርፍ አንዲት ፕሮግራመር ለምስክርነት ተጠራች።

"ከእኔና ከዚህ ዕቃ አጥፊው ማን ነው?" አሉ ዶክተሩ። "'እርስዎ ነዎት' ካልሽ ዛሬውኑ ከሥራ ትሰናበቻለሽ። 'እሱ ነው' ካልሽ ደግሞ ጥፋቱን በማስረጃ ታሳዪናለሽ።"

የኮሚቴው አባላት አቀረቀሩ። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን በሐዘኔታ አየችው።

"እሱ ነው እንጂ፣ ዶክተር" አለች። "እኛ ሁላችንም የጻፉትን ሳናነብ አጸደቅንልዎ። እሱ ግን ደፍሮ አነበበው።"