የይመኙሻል ጋን

ይመኙሻልን ወንዝ ወሰዳት። ይህ የሆነው ዛሬ ድንጋይ ብቻ የቀረበት ቁልቁለት ጥቅጥቅ ያለ ደን በነበረበት፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ባልተወለዱበት ዘመን ነው። ወንዙ ሶርቃ ይባላል። መንደሩ ወይራ አፋፍ ይባላል።

ይመኙሻል ሸክላ ሠሪ ነበረች። አገሬው ማሰሮዋን ይገዛል፤ ዓይኗን ይፈራል። መሬት አልነበራትም። ተገኝ የሚባል ባል ነበራት፤ ከወንዙ ማዶ የተዳረች አንዲት ልጅም ነበረቻት። አንድ ጠባይ ነበራት፦ ያልገባትን ነገር ሳትጠይቅ አታድርም።

በወይራ አፋፍ ሦስት ማኅበሮች ነበሩ። አንዱ በሽተኛና አስከሬን በቃሬዛ ይሸከማል። አንዱ እናት አባት የሌላቸውን ልጆች ያሳድጋል። አንዱ በሶርቃ ላይ የተወጠረውን ገመድ ይጠብቃል፤ በክረምት ሰው ወንዙን የሚሻገረው ያንን ገመድ ይዞ ነው። ሦስቱም ከመኸር በኋላ እህል ሊለምኑ በየደጁ ይዞራሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። አገሬው ሰለቸው። በሩን መዝጋት ጀመረ።

ይመኙሻል ጠየቀች።

«ለምን አንድ ላይ አትለምኑም?»

የቃሬዛው አለቃ አያ ደምለው ሳቀ። «የማን እህል ከማን እህል ጋር ይቀላቀላል?»

«ሆድ ገብቶ መቀላቀሉ ላይቀር!»

ትልቅ ጋን ሠራች። በገበያው መንገድ ዳር አቆመችው። ሁሉም እህሉን እዚያ ይጨምር፣ ማኅበሮቹ ከአንድ ጋን ይውሰዱ አለች። ሰውም መጣ። ባለጠጋው አያ ጓንጉል በቁና ሲገለብጥ እልል ተባለ። አንዲት መበለት ግን ጭብጧን በነጠላዋ ሸፍና ተመለሰች።

ይመኙሻል ተከትላት ጠየቀች። «ለምን ተመለስሽ?»

«ከአያ ጓንጉል ቁና ቀጥሎ ይቺን ላሳይ? ሙቺ፣ አላደርገውም!»

ይመኙሻል ተመልሳ ጭቃዋን አቦካች። ሌላ ጋን ሠራች፤ አንገቱ ክንድ ብቻ የሚያስገባ ሆነ። ከታች እህሉ የሚወጣበት ቀዳዳ ተወችለት፤ በጭቃ ደፈነችው። ከዚያ በኋላ ሀብታሙም በጭብጥ፣ ድሀውም በጭብጥ ሆነ። እጅ ይገባል፤ ባዶውን ይወጣል። ምን ይዞ እንደገባ ማንም አያይም። መበለቲቱም መጣች።

በሁለተኛው ዓመት አያ ጓንጉል መጣ። ከመንደሩ ሁሉ ጎተራው የሞላ እሱ ነበር።

«ጎተራዬን እከፍታለሁ። ጋኑ ግን ግቢዬ ይቀመጥ» አለ።

ሰው ደስ አለው። ይመኙሻል ጠየቀች።

«ግቢህ ከገባ ቀዳዳውን ማን ይከፍተዋል?»

«ባለቤቱ ነዋ!»

«ባለቤቱ ማነው?»

ጓንጉል ተቆጣ። «አንቺ ቡዳ፣ ዓይንሽን ከእህላችን ላይ አንሺ!»

«እኔ ዓይኔን ላንሣ። አንተም እጅህን አንሣ፣ አያ ጓንጉል።»

ሰው ሳቀ። ጓንጉል በዚያ ዓመት አንዲት ፍሬ አልጨመረም። ጋኑ ጎደለ። ግን ከመንገድ ዳር አልተነሣም።

በሦስተኛው ዓመት ዝናም ቀረ። ረሃብ አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ቀላል ይለዋል። በግንቦት ጋኑ ሲከፈት እህሉ ለአንድ ማኅበር ብቻ የሚበቃ ሆነ። ሦስቱ ማኅበሮች በትር ይዘው ቆሙ።

ይመኙሻል ጠየቀች። «ለራሱ ሲለምን አንደበቱ የማይሰላ አለ?»

የለም አሉ።

«እንግዲያው ማንም ለራሱ አይለምን። ሁሉም ለሌላው ይናገር።»

ነገሩ አስገረማቸው። በትራቸውን አስቀመጡ። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ለልጆቹ ተናገሩ። ልጆቹን የሚያሳድጉት ለቃሬዛው ተናገሩ። ገመድ ጠባቂዎቹም ለልጆቹ ተናገሩ። ስለ ገመዱ የተናገረ የለም። ገመዱ በስብሶ ነበር፤ የይመኙሻል ልጅም ከማዶ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነሐሴን ትጠብቅ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለ ገመዱስ እሷ ትናገራለች ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሷ ደግሞ ልጄ ከማዶ ስላለች ለራሴ መለመን ይሆንብኛል ብላ ዝም አለች። ዙሪያዋን አየች። አንድ ሰው አፉን እስኪከፍት ጠበቀች። ማንም አልከፈተም። እህሉ ለልጆቹ ሆነ። ልጆቹም ከረሙ።

በዚያ ክረምት ዝናሙ ተመለሰ፤ ሶርቃም ሞላ። በነሐሴ ከማዶ ጩኸት መጣ። ምጥ ጠንቶባታል አሉ።

«ተይ አንቺ ሴት፣ ገመዱ አያደርስሽም» አላት ተገኝ።

«ልጄ ናት» አለች።

ገመዱን ይዛ ገባች። መሀል ስትደርስ ተበጠሰ። ልጅቱ በማግስቱ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ይመኙሻልን ግን እስከ ታችኛው ሸለቆ ድረስ ፈልገው አጧት።

ሰው ተፋጠጠ። አያ ደምለው «እኔ እኮ እሷ ትናገራለች ብዬ ነው» አለ። ሁሉም እንዲሁ አለ። ጓንጉል ለአዲሱ ገመድ የሁለት በሬ ቆዳ አምጥቶ ጣለ።

ከዚያ ወዲህ በወይራ አፋፍ ጋኑ እንዲሁ አይከፈትም። ሁሉም ለሌላው ተናግሮ ሲያበቃ ሽማግሌው ይነሣና ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፦ «ስሙ ያልተነሣ ማነው?» መልስ ሳይገኝ ጭቃውን የሚነካ የለም። ችግሩን መናገር አፍሮ የተቀመጠ ሰው ሲያዩም «ይመኙሻል ሆኗል፤ ጠይቁት» ይላሉ።

ልጅቱ ከማዶ ወለደች፤ ከማዶ አረጀች። በወይራ አፋፍ፣ በሸክላ ሠሪዋ ቤት፣ ተገኝ ብቻውን ቀረ።