ሕመምተኞቹ ሁሉ ደህና የሆኑባት አገር

አንድ ንጉሥ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ቆሞ ቁልቁል ባየ ቁጥር ዓይኑን የሚያስቀይመው ነገር ነበር። ከሐኪሙ ደጅ ተነሥቶ እስከ ገበያው የሚዘረጋ ሰልፍ ነው። አንዱ ሆዱን ይዟል፣ አንዷ ልጇን አዝላለች፣ ሌላው በቃሬዛ ተኝቷል። በዚያች አገር ሐኪሙ አንድ፣ ሕመምተኛው ደግሞ አገር ሙሉ ስለነበር ነገሩ ማንንም አያስገርምም። ንጉሡን ግን አሳፈረው።

ጸሐፊ ትእዛዙን ማተቤን አስጠርቶ «ይህን ሰልፍ አጥፋልኝ» አለው። ልብ በሉ፤ «በሽታውን አጥፋልኝ» አላለም።

ማተቤ ፈጣን፣ ብልህና ትጉህ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ታሞ ስለማያውቅ ለጉዳዩ ከእሱ የተሻለ ሰው የለም ተባለ። በማግሥቱ ሐኪሙ ይርዳው ቤት ሄዶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የገቡት እማማ ትርንጎ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ።

«እንዴት ነዎት እማማ?» አላቸው ሐኪሙ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ልጄ? ቤትህ ደህና ነው?»

«ደህና ነን። ላሟስ እንዴት ሆነች?»

ላሟ ነጥፋለች። ከላሟ ወደ ጥጃዋ፣ ከጥጃዋ ወደ ምራታቸው ተሻገሩ። የምራታቸው ነገር ረዘም አለ። በመጨረሻ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «እንዲያው ለነገሩ ያህል፣ ስስል ደም ይወጣኛል። ከበዓለ ሃምሳ ወዲህ ነው።»

ሐኪሙ መልሶ አስቀመጣቸው። ጆሮውን ጀርባቸው ላይ ለጥፎ ብዙ አዳመጠ፤ መድኃኒት ሰጥቶም ሸኛቸው።

ማተቤ ትዕግሥቱ አልቋል። «ገና ሲገቡ ምን እንደሚያማቸው ለምን አልጠየቋቸውም?» አለ።

«ጠየቅኋቸው እኮ።»

«ምን አሉ?»

«ደህና ነኝ አሉ።»

«ደህና ከሆኑ የላማቸው ነገር እርስዎን ምን አገባዎት?»

ሐኪሙ ሳቅ አለ። «ጌታዬ፣ የእኛ አገር ሰው ሲጠየቅ ደህና ነኝ ይላል። እያጣጣረም ቢሆን ይላል። በጨዋ ደንብ ያደገ ሰው ሕመሙን ገና ሳይቀመጥ አይዘረግፍም። መጀመሪያ ምስጋናው፣ ቀጥሎ ከብቱ፣ ቀጥሎ ዘመዱ ይመጣል። ሕመሙ የሚመጣው ሊወጣ ሲነሣ ነው። የእኔ ሥራ እስከዚያ መቆየት ነው።»

ማተቤ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰማ። ወደ ጆሮው የገባችው ግን «መቆየት» የምትለው ቃል ብቻ ነበረች። የአገሪቱ በሽታ ተገኘ አለ በልቡ።

በሳምንቱ አዲስ ደንብ ወጣ። ሐኪሙ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ የአባት ስም፣ ደብር፣ ዕድሜ፣ የልጆች ብዛትና ሌላም ሌላም፣ ባጠቃላይ ሠላሳ ሁለት ነገር በገዛ እጁ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ከዚያ «እንዴት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ደህና ነኝ ያለ ሰው ሌላ ጥያቄ ሳይጠየቅ በጓሮ በር ይወጣል። በሩ ላይ ደግሞ ቂጡ የተበሳ ቅል ውሃ ተሞልቶ ተሰቀለ። ውሃው ተንጠብጥቦ ሲያልቅ አጋፋሪው «ውሃው አልቋል!» ብሎ ይጮኻል፤ ሕመምተኛውም ምላሱን ለማሳየት አፉን እንደከፈተ ቢሆን እንኳ ይወጣል።

የሐኪሙ አንገት ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡ ላይ ተደፋ። የሚያየው ብዕሩንና የሰዎቹን ጫማ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል አንድ ገበሬ አህያውን ደጅ ጥሎ መግባት ስላልሆነለት ይዟት ገባ።

«ዕድሜ?» አለ ሐኪሙ ቀና ሳይል።

ገበሬው ስለ አህያዋ የተጠየቀ መሰለው። «ስምንት ይሆናታል ጌታዬ።»

«ልጆች?»

«ሁለት ወልዳለች። አንዱን ጅብ በላብኝ።»

ሐኪሙ ውሃው እያለቀበት ስለሆነ ጅቡን አልሰማውም። «እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አህያዋ ደህና ተብላ ተመዘገበች። ገበሬው ሊታከም የመጣበትን ወባ እንደያዘ በጓሮ በር ወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ቀን መዝገቡ ላይ በትክክል የሰፈረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሰልፉ እኩለ ቀን ሳይሞላ መጥፋት ጀመረ። ንጉሡ በደስታ ማተቤን ካባ አለበሰው፤ የዙፋኑ አዳራሽ ውስጥም እንደዚያው ያለ ቅል አሰቀለ። በየቅዳሜው በሐኪሙ ደጅ ሲያልፍ ከበቅሎው ሳይወርድ «ሐኪም፣ ሥራው እንዴት ነው?» ይለዋል። ይርዳውም እጅ ነሥቶ «ደህና ነው ጃንሆይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በቅሎዋ መንገዷን ትቀጥላለች።

አንድ ነገር ብቻ አልገጥም አለ። መቃብር ቆፋሪዎቹ ተጨማሪ ዶማ ይሰጠን ብለው አመለከቱ። ንጉሡ ደንግጦ ማተቤን ጠየቀው። ማተቤም መዝገቡን ገልጦ አንድ በአንድ አገላበጠና «ጃንሆይ፣ ሟቾቹን ሁሉ አጣርቻለሁ። ሁሉም ደህና ነበሩ» አለ። ንጉሡ ተነፈሰ።

በከተማው ላቀው የሚባል ሸማኔ ነበር። ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር አብጦበት ሌሊት አያስተኛውም። ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ሄዶ ሁለት ጊዜ ደህና ተብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ሚስቱ አስማለችው። እሱም መንገዱን ሙሉ «ሆዴን ያመኛል፣ ሆዴን ያመኛል» እያለ ሲለማመድ ሄደ። ገባ፤ ሠላሳ ሁለቱን መለሰ። ከዚያ ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው አፉ አመሉን አልተወም። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ አባባሉ ራሱን ላቀውንም አስደነገጠው። በጓሮ በር ወጣና አጥሩ ሥር ወደቀ።

ተከትላው መጥታ ደጅ ስትጠብቅ የነበረችው ሚስቱ ስትጮኽ ሐኪሙ ሰምቶ ሮጠ። የሰውየውን ፊት አየና «ይህን ሰው አላውቀውም፤ ለምን ቀደም ብሎ አልመጣም?» አለ።

«ሦስት ጊዜ መጥቷል» አለች ሚስቱ።

መዝገቡን ገለጠ። ሸማኔው ላቀው፣ ደህና። ሸማኔው ላቀው፣ ደህና። ሸማኔው ላቀው፣ ደህና። ጽሕፈቱ የገዛ እጁ ነው።

ይርዳው ሰውየውን አስገብቶ በሩን ዘጋና አስተኛው። እብጠቱን ቀድዶ መግሉን አወጣ፤ ሁለት ቀንም ከአጠገቡ አልተነሣም። ይዳን ይሙት ገና ሳይለይለት ለሸማኔው ሚስት አደራ ብሎ ወደ ቤተ መንግሥት ገሰገሰ።

«ጃንሆይ፣ ያሰናብቱኝ» አለ። «ሕክምናውን ትቼ ንብ ላነብ ነው።»

«ለምን ንብ?»

«ንብ ሲያማት ደህና ነኝ አትልም።»

ከዚያ ደህና ተብለው የተቀበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጠረ። ንጉሡ ፊቱ ጠቆረ። «ይርዳው፣ በየቅዳሜው ስጠይቅህ ደህና ነው ስትለኝ አልነበረም? የዋሸኸኝ ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

ሐኪሙ መንገዱን ሙሉ ማተቤን ሲረግም ነበር የመጣው፤ ይህን ጥያቄ ግን አላሰበውም። «ጃንሆይ፣ እኔም እንደ ሕመምተኞቼ መለስኩ» አለ። «እርስዎም እንደ እኔ ጠየቁኝ። ከበቅሎ ሳይወርዱ።»

ማተቤ አሁን የሐኪሙ አንገት ሊቀላ ነው ብሎ ጠበቀ። በዚህ መካከል ከበሩ ላይ «ውሃው አልቋል!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ንጉሡ ወደ አጋፋሪው ዞሮ «ያንን ቅል አውርድና ዶሮዎቹን ውሃ አጠጣበት» አለ። ከዙፋኑ ወርዶም ከሐኪሙ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«እንዴት ነህ ይርዳው?»

«ደህና ነኝ ጃንሆይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ንጉሡ ሊቆጣ ነበር። ግን አፉን ያዘና ቆየ። ሐኪሙ ስለ አንገቱ ጀመረ፤ ማታ ማታ አልዞር ይለዋል። ከአንገቱ ወደ ሚስቱ ሄደ። እራት ላይ ቀና ሳይል «ዕድሜ?» ብሎ ጠይቋት ሦስት ቀን አኩርፋዋለች። ንጉሡ ሳቀ፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም። ከዚያ የሐኪሙ ድምፅ ተሰበረ።

«አንድ ሸማኔ ቤቴ ተኝቷል። ሦስት ጊዜ ፊቴ ቆሞ አላየሁትም። በገዛ እጄ ደህና ብዬ ጻፍኩት። አፍሬአለሁ ጃንሆይ። ከእንግዲህ ሰው እንዴት ነህ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ።» ይህን ብሎ አለቀሰ።

ንጉሡ በዚያው ቀን የጓሮውን በር በድንጋይ አስደፈነ። መጻፉን ከሐኪሙ ላይ አንሥቶ ለራሱ ለማተቤ ሰጠው። ስድስት ጎበዞችም ሕክምና እንዲማሩ ላከ፤ ግን ሐኪም በአንድ ክረምት አይበቅልምና ሰልፉ ተመልሶ እስከ ገበያው ተዘረጋ። ንጉሡ ዳስ አስጣለለት፤ ከዚያ በላይ የሚችለው ነገር አልነበረም።

ማተቤ በመጀመሪያው ሳምንት የሰው ምራት ታሪክ ሲጀመር ያንቀላፋ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን አንድ ሽማግሌ ስለ በሬያቸው አውርተው ሲነሡ ብዕሩን አስቀምጦ «ቆይ አባባ፣ ከበሬው በኋላስ?» አላቸው። ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። ሸማኔውም ዳነ። ድኖ እንኳ ሐኪሙ እንዴት ነህ ሲለው «ሆዴን ያመኛል» ይላል፤ ሚስቱን ስለሚፈራ።

ወዳጆቼ፣ አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እውነት ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ በደባቂው ላይ መጫን አልወድም። «እንዴት ነህ?» ማለት ለማንም አይከብድም፤ የሚከብደው ሁለተኛው መልስ እስኪመጣ መቀመጥ ነው። ሰው የሚድነውም አገር የሚታወቀውም በሁለተኛው መልስ ነው። ዛሬ ከሐኪም ቤት ወጥተን «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም» ብለን የምናማው ሐኪም፣ ከጀርባችን ስልሳ ሰው ተሰልፎበት፣ ፊቱ የሚሞላ ወረቀት ተቆልሎበት ነው። እናማው፤ ግን አንገቱን ማን እንደደፋውም እንጠይቅ።

እስቲ እርስዎን ልጠይቅ። ያከመዎትን ሰው «አንተስ እንዴት ነህ?» ብለውት ያውቃሉ? ደህና ነኝ ቢልዎትስ፣ ትንሽ ይቆያሉ?