የጋሽ ሽብሩ ጉንጭ እና የእንድሪስ ባሕር

ቀረብ በሉ፣ የሆነውን ላውጋችሁ። ጋሽ ሽብሩ የፈለጉት የቀረው ግማሽ ጉንጫቸው እንዲላጭ ብቻ ነበር። ከሰዓት ሽማግሌዎች ሴት ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ እሳቸው ኮምቦልቻ፣ እንድሪስ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ናቸው። ቀኙ ተላጭቷል፤ ግራው ገና አረፋ ነው።

በዚህ መሀል ጎረቤቷ ስልክ ጠጋኝ ራህመት አዲስ ነገር ይዛ ገባች፤ ስልክ የሚከተትበት፣ ዓይንን ግጥም አድርጎ ሸፍኖ ሌላ ዓለም የሚያሳይ ትልቅ መነጽር። ለከተማው የመጀመሪያው ነው። እንድሪስ "ለአንድ አፍታ" ብሎ ምላጩን አስቀመጠና አጠለቀው። አፉ ተከፈተ፤ እጆቹ ቀስ ብለው ተንሳፈፉ።

"እንድሪስ፣ ጉንጬን!"

"ባሕር ውስጥ ነኝ ጋሼ። በገዛ እጄስ አላወልቀውም፤ ራህመት ትፍታኝ።"

ራህመትን ለመኗት። "እንዲህ ፈገግ ያለ ሰውማ አላስደነግጥም" አለች። "ባለተራዋ አልጋነሽ 'ስጡኝ' ካለች እፈታዋለሁ።"

ራህመት መነጽሩን አትፈታ፣ እንድሪስ ከባሕር አይወጣ፣ የጋሽ ሽብሩ ጉንጭ አይላጭ።

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያማትባል። ከፊት የቆመችው ልብስ ሰፊዋ አልጋነሽ ናት።

"ነፍስ ከሥጋ የሚለይ ቢሆንስ? እማማ ደብሪቱ 'አይዞሽ' ካላሉኝ 'ስጡኝ' አልልም።"

አልጋነሽ "ስጡኝ" አትል፣ ራህመት መነጽሩን አትፈታ፣ እንድሪስ ከባሕር አይወጣ፣ የጋሽ ሽብሩ ጉንጭ አይላጭ።

ጋሽ ሽብሩ አረፋቸውን ይዘው፣ መንገደኛው እያየ፣ የሰፈሩን ግማሽ ወዳዋለዱት ወደ እማማ ደብሪቱ ቤት ሄዱ።

"ያልዳሰስኩትን 'አይዞሽ' አልልም" አሉ አሮጊቷ። "ጉልበቴ ከከዳኝ ደግሞ ሁለት ዓመቱ። ከዚህ ደጅ የሚያወጣኝም የለ።"

እማማ ደብሪቱ "አይዞሽ" አይሉ፣ አልጋነሽ "ስጡኝ" አትል፣ ራህመት መነጽሩን አትፈታ፣ እንድሪስ ከባሕር አይወጣ፣ የጋሽ ሽብሩ ጉንጭ አይላጭ።

ጋሽ ሽብሩ ፀሐይዋን አዩ፤ አዘንብላለች። አሮጊቷን አዩ። አፈሩና ጎንበስ አሉ። "ትከሻዬን ይያዙ፣ እማማ።"

በቀስታ ሄዱ። እማማ ደብሪቱ በየደጁ ቆም እያሉ አየሩን ይስባሉ፤ ጋሽ ሽብሩም አላጣደፏቸው። ፀጉር ቤቱ ሲደርሱ እማማ ደብሪቱ መነጽሩንና የእንድሪስን ፊት ዳሰሱ።

"ምን ታያለህ ልጄ?"

"ውኃ፣ እማማ። ከላዬም ከበታቼም ሰማያዊ ውኃ። ግን እተነፍሳለሁ።"

"መተንፈስ ካለ ምን ያስፈራል? አይዞሽ አልጋነሽ!"

እማማ ደብሪቱ "አይዞሽ" ቢሉ አልጋነሽ "ስጡኝ" አለች፤ አልጋነሽ "ስጡኝ" ብትል ራህመት መነጽሩን ፈታች፤ ራህመት ብትፈታ እንድሪስ ከባሕር ወጣ፤ እንድሪስ ቢወጣ ምላጩን አነሳ። እጁ እንደ ማዕበል ለስላሳ ነበር፤ የጋሽ ሽብሩ ጉንጭ ሳይቆረጥ፣ ሳያቃጥል ተላጨ።

ሽማግሌዎቹ በሩን ሲያንኳኩ የከፈቱላቸው ራሳቸው ጋሽ ሽብሩ ናቸው፤ ፊታቸው ሙሉ ተላጭቶ፣ ጥርሳቸው በሳቅ ተገልጦ።